የጥቅምቱ ፊርማ

ባለፈው ጥቅምት ኢምፔሪያል አካባቢ አንድ ካፌ ተቀምጬ ጋዜጣ ሳገላብጥ የሰፈራችን ሰው ወረቀት ይዞ መጣ። «ጋሼ፣ እርስዎ ሕግ ተምረዋል፤ እዚህ ላይ ብፈርም ምን ይመጣብኛል?» አለኝ። ሴት ልጁ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ አሜሪካ ለሚገኝ አንድ ኮሌጅ በ«ኧርሊ ዲሲዥን» ልታመለክት ነው፤ ቅጹም የእሷን፣ የወላጇንና የትምህርት ቤቷን አማካሪ ፊርማ ይጠይቃል። ይህን የሚጠይቁኝ ወላጆች ስለበዙ ጽፌ ማስቀመጡን መረጥኩ።

ቀድሞ የማመልከቻው መንገድ ሁለት ዓይነት ነው። ኧርሊ ዲሲዥን አስገዳጅ ነው፤ ለአንድ ኮሌጅ ብቻ ይቀርባል፣ ከተቀበሏት ሌሎቹን ማመልከቻዎች አንስታ እዚያው ትገባለች። «ኧርሊ አክሽን» ግን መልሱን ቀድሞ ያሳውቃል እንጂ አያስርም። የሃርቫርድ፣ የዬል፣ የፕሪንስተንና የስታንፎርድ ይኸው የማያስረው ነው፤ ሆኖም በዚያው ዙር ለሌላ የግል ኮሌጅ ቀድሞ ማመልከትን በአብዛኛው ይከለክላሉ። ቀነ ገደቡ በብዙዎቹ ዘንድ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 22 ገደማ ሲሆን መልሱ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ይደርሳል። በዚህ ዙር ቁርጡን «አይሆንም» የተባለ ተማሪ በዚያው ዓመት ለዚያው ኮሌጅ ደግሞ ማመልከት አይችልም።

ለመሆኑ ዕድልን ያሰፋል? አቬሪ፣ ፌርባንክስና ዜክሃውዘር የተባሉ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ቀድሞ ማመልከት በኤስ ኤ ቲ ፈተና 100 ነጥብ ያህል ከመጨመር ጋር የሚስተካከል ጥቅም እንዳለው አሳይተዋል። ኮሌጁ እንደሚመጣለት እርግጠኛ የሆነበትን ተማሪ ይወዳላ! ኮሌጆቹ የሚያወጡትን የመቶኛ ቁጥር ግን እንዳለ መዋጥ አይገባም፤ ውስጡ አስቀድመው የተመለመሉ ስፖርተኞችና የቀድሞ ምሩቃን ልጆች አሉበት።

የእኛ ልጆች ዋናው ጣጣ ገንዘብ ነው። የውጭ አገር አመልካችን የመክፈል አቅሙን ሳያዩ የሚቀበሉት እንደ ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም አይ ቲና አምኸርስት ያሉ ጥቂቶች ናቸው። በሌሎቹ ዘንድ የጠየቁት እርዳታ መጠን ራሱ በውሳኔው ውስጥ ይገባል። ጊዜውም አይመችም፤ በጥቅምት የእኛ ተማሪ 12ኛ ክፍልን ገና መጀመሯ ነው፣ ትራንስክሪፕቷ ከ9ኛ እስከ 11ኛ ብቻ ነው፣ የአባት የገቢ ማስረጃም ተተርጉሞ መድረስ አለበት። ሃርቫርድና ፕሪንስተን አሠራሩ ለተመቻቸው ያደላል ብለው እ.ኤ.አ. በ2006 ማስቀረታቸውን አስታውቀው ነበር፤ በ2011 መለሱት። ባልንጀሮቻቸው አልተከተሏቸውማ።

ወደ ፊርማው ልመለስ። በዚህ ወረቀት ኮሌጅ ወላጅን ፍርድ ቤት ሲገትር አልሰማሁም። ቢሆንም የትምህርት ቤቱ አማካሪ አብሮ ስለሚፈርም፣ ያለ በቂ ምክንያት ማፍረስ ከኋላ ለሚመጡት ተማሪዎች ጥሩ ስም አይተውም። የተሰጠው እርዳታ የማይበቃ ከሆነ ግን ተማሪዋ ከግዴታው እንድትለቀቅ መጠየቅ ትችላለች፤ ይህ የታወቀ ነው። የሚቀርባት የሌሎችን ኮሌጆች ስጦታ አስቀምጦ ማወዳደር ነው። ለድሃ ቤት ደግሞ እሱ ቀላል አይደለም።

ለሰውየው በዓመት መክፈል የሚችለውን ቁርጥ አድርጎ ጽፎ፣ በዚያ መጠን ለውጭ ተማሪ ይረዱ እንደሆነ ልጁ ኮሌጁን በኢሜይል እንድትጠይቅ፣ መልስ ሳይመጣ እንዳይፈርምም ነገርኩት። ዕለቱ ጥቅምት 18 ስለነበር የቀሩት አራት ቀናት ብቻ ነበሩ።