ከጮመን ረግረግ እስከ ፊንጫ ሐይቅ

የወለጋ ታሪክ በተነሣ ቁጥር ልቡናችን የሚያመራው ወደ ነቀምቴ፣ ወደ ኩምሣ ሞረዳ ቤተ መንግሥትና በወርቅና በዝሆን ጥርስ ግብር ወደ ታወቀው ዘመን ነው። ያ ታሪክ መጻፉ ይገባል። ይሁን እንጂ በሆሮ ጉዱሩ ደጋ፣ በሻምቡና በፊንጫ ከተሞች አቅራቢያ የተንጣለለው ሐይቅም የራሱ ታሪክ አለው። ባለታሪኮቹም መሳፍንት ሳይሆኑ እረኞች፣ ገበሬዎችና ዓሣ አስጋሪዎች ናቸው።

ይህ ሐይቅ የተፈጥሮ ሐይቅ አይደለም። ስፍራው ቀድሞ ጮመን የሚባል ረግረግ ነበር፤ በበጋ የደጋው ሣር ሲደርቅ የአካባቢው ከብት ነፍሱን የሚያተርፈው በዚያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 የፊንጫ ግድብ ተጠናቀቀ። መጀመሪያ 100 ሜጋዋት ያመነጭ የነበረው ኃይል ማመንጫም እስከ አዲስ አበባ ድረስ ብርሃን ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1987 ደግሞ የአመርቲ ወንዝ ተጠልፎ ተጨመረ። ውሃው የሸፈነው መሬት 240 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከዚህ ውስጥ 100 ያህሉ የግጦሽ፣ 18 ያህሉ የእርሻ መሬት ነበር። ከ3,000 የሚበልጡ ቤተሰቦች ከቀያቸው ተነሡ፤ የተሰጣቸው ካሳም ካጡት ጋር የሚመጣጠን አልነበረም።

እንግዲህ ሕዝቡ በምን ይኑር? ከፊሉ ወደ ተዳፋቱ ወጥቶ ገደሉን አረሰ። ከፊሉ ፊቱን ወደ ውሃው መለሰ። ጅራፍ የለመደ እጅ መረብ መጣል ተማረ። ሆኖም ለደጋው ሰው ዓሣ በአመዛኙ የጾም ወራት ምግብ በመሆኑ ገበያው ወቅት ይጠብቃል፤ በረዶ በሌለበት የማለዳው ዓሣ እስከ ማታ አይቆይም። ስለዚህ አስጋሪው በተሰጠው ዋጋ ለነጋዴ ከመሸጥ በቀር ምርጫ አይኖረውም።

ከዚህ የከፋም አደጋ አለ። ቆሮሶ ዓሣ የሚራባው ጥልቀት በሌለው የሐይቅ ዳርቻ ነው፤ እናቲቱ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። ዓይነ ጠባብ መረብ ገና ያልወለደውን ሲያፍስ፣ ከታረሰው ተዳፋት የሚወርደው ደለልም ዳርቻውን ሲሞላ የነገው ምርት ዛሬ ይጠፋል። ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም የወጣው አዋጅ ቁጥር 315/1995 ሀብቱ በሥርዓት እንዲያዝ ይደነግጋል። ነገር ግን የተራበ ሰው መረቡን በአዋጅ ብቻ አይለውጥም። የሚለውጠው በማኅበር ተደራጅቶ ዋጋውን ማስከበር ሲችል፣ የመረብ ብድርና የማቀዝቀዣ ስፍራ ሲያገኝ፣ ከበላዩ ያለው ተራራም በእርከንና በዛፍ ሲጠበቅ ነው። የሐይቁ ዕድሜ የሚወሰነው በተራራው ላይ ስለሆነ አራሹና አስጋሪው የሚመካከሩበት መድረክ ያሻቸዋል።

እኛ የኪነ ጥበብ ሰዎችም ዕዳ አለብን። ተውኔታችንን ያሳየንበት የመድረክ መብራት ከፊሉ ከዚያ ውሃ የመነጨ ነው። የግድቡን ሜጋዋት የመዘገቡ ብዙዎች ናቸው። ረግረጉን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ሳያልፉ ግን መምህራን ከተማሪዎቻቸው ጋር ቃላቸውን ይመዝግቡ፤ ደራስያንም ይጻፉት። ለብርሃኑ መሬቱን የሰጠ ሕዝብ ከውሃው ዘላቂ እንጀራ ይገባዋል።