«የኮሪያው ዞምቢ»፦ የጁንግ ቻን ሱንግ የፍልሚያ ሕይወት

ነሐሴ 20 ቀን 2015 ዓ.ም በሲንጋፖር አንድ የ36 ዓመት ደቡብ ኮሪያዊ ተፋላሚ በሦስተኛው ዙር መጀመሪያ ላይ በዝረራ ተሸነፈ። ከወደቀበት ከተነሣ በኋላ ጓንቱን አውልቆ በመፋለሚያው መድረክ መካከል አስቀመጠ፤ ጎንበስ ብሎም ሰገደ። በፍልሚያ ስፖርት ጓንትን መድረክ ላይ ትቶ መሄድ «ከእንግዲህ አልመለስም» ማለት ነው። አዳራሹን የሞላው ተመልካች ያሸነፈውን አሜሪካዊ ማክስ ሆሎዌይን ብቻ ሳይሆን ተሸንፎ የሚሰናበተውንም ቆሞ አጨበጨበለት።

ይህ ሰው ጁንግ ቻን ሱንግ ይባላል። በኮሪያ ባሕል የቤተሰብ ስም ይቀድማልና «ጁንግ» የቤተሰቡ፣ «ቻን ሱንግ» ደግሞ የራሱ መጠሪያ ነው። ዓለም ይበልጥ የሚያውቀው ግን «የኮሪያው ዞምቢ» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ስሙ የወጣለት ቡጢ እያረፈበትም ወደ ኋላ ስለማይል፣ እንደ ፊልሙ ሙት እየተመታ ወደ ፊት ስለሚራመድ ነው። በ16 ዓመታት የሙያ ዘመኑ 25 ጊዜ ተፋልሞ 17 ጊዜ አሸንፏል፤ 8 ጊዜ ተሸንፏል። ሁለት ጊዜ ለዓለም ሻምፒዮንነት ቀርቦ ሁለቱንም ጊዜ ቀበቶውን ሳያገኝ ተመልሷል።

ስፖርቱ ምን ዓይነት ነው?

ቅይጥ የፍልሚያ ስፖርት ቦክስን፣ እርግጫን፣ ትግልንና የመሬት ላይ አያያዝን በአንድ ሕግ ሥር ያጣመረ ውድድር ነው። ተፋላሚዎች በቡጢ፣ በክርን፣ በጉልበትና በእግር መምታት፣ ተጋጣሚን መጣል፣ እጅና እግርን ጠምዝዞ ወይም አንገትን አንቆ እጅ ማሰጠት ይችላሉ። ዓይን መውጋት፣ መናከስና ብልትን መምታት የተከለከሉ ናቸው። መደበኛ ግጥሚያ ሦስት ዙር ሲሆን የሻምፒዮንነትና የምሽቱ ዋና ፍልሚያ አምስት ዙር አለው። እያንዳንዱ ዙር 5 ደቂቃ ይቆያል፤ በዙሮች መካከል የ1 ደቂቃ ዕረፍት አለ። ተፋላሚ ሲዘረር፣ እጅ ሲሰጥ፣ ዳኛው ራሱን መከላከል እንዳልቻለ ሲያይ ወይም ሐኪም ሲያስቆም ፍልሚያው ያበቃል። ይህ ካልሆነ ሦስት ዳኞች በነጥብ ይወስናሉ።

የስፖርቱ ትልቁ ድርጅት እ.ኤ.አ በ1993 በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ የመጀመሪያ ውድድሩን ያካሄደው ዩኤፍሲ ነው። ጁንግ የተፋለመበት ክብደት ከ66 ኪሎ ግራም የማይበልጥ፣ ማለትም የአንድ ኩንታል ሁለት ሦስተኛ የሚያህል ነው። በዚህ ክብደት ያሉ ተፋላሚዎች ፈጣኖች ናቸው፤ ጉልበታቸው ግን ሰውን በአንድ ምት ለመጣል አያንስም።

ከፖሃንግ እስከ አሜሪካ

ጁንግ የተወለደው መጋቢት 8 ቀን 1979 ዓ.ም በደቡብ ኮሪያ ምሥራቃዊ የባሕር ጠረፍ በምትገኘው ፖሃንግ ከተማ ነው። በልጅነቱ እኩዮቹ ያስቸግሩት ስለነበር አክስቱ ሃፕኪዶ ወደሚባለው የኮሪያ ራስን የመከላከል ጥበብ ማሠልጠኛ ወሰደችው። ራሱን እንዲጠብቅ የተሰጠው ሥልጠና መተዳደሪያ ሙያው ሆነ። ቀጥሎ የእርግጫ ቦክስን፣ ከዚያም ትግልንና የመሬት ላይ አያያዝን ተማረ።

በሙያ ደረጃ መፋለም የጀመረው እ.ኤ.አ በ2007 በሀገሩ ነው። ከዚያም በጃፓን መድረኮች ስሙን አስጠራ። ወደ አሜሪካ ሲሻገር የመጀመሪያ ፍልሚያው ሚያዝያ 16 ቀን 2002 ዓ.ም በሳክራሜንቶ ከሊዮናርድ ጋርሲያ ጋር ነበር። ሁለቱ ሦስቱንም ዙር ያለ ፋታ ሲደባደቡ ቆዩ። ዳኞች በተከፋፈለ ድምፅ ለጋርሲያ ቢፈርዱም ብዙ ተመልካች ውጤቱን አልተቀበለውም። ጁንግ ተሸንፎ ዝነኛ የሆነበት ምሽት ነበር።

ዝናው ግን ወጥመድ ሆነበት። ከአምስት ወር በኋላ መስከረም 20 ቀን 2003 ዓ.ም ጆርጅ ሩፕ በጭንቅላቱ ላይ ባሳረፈበት እርግጫ ተዘረረ። ምት እየተቀበሉ ወደ ፊት መሄድ ተመልካችን ቢያስደስትም ፍልሚያ እንደማያሸንፍ ከባድ ትምህርት አገኘ።

ከሽንፈት የተገኘ ትምህርት

መጋቢት 17 ቀን 2003 ዓ.ም በሲያትል ጋርሲያን እንደገና ሲገጥም የተለየ ሰው ሆኖ ቀረበ። መደባደቡን ትቶ ርቀቱን ጠበቀ፤ ተጋጣሚውን መሬት ላይ ጣለ፤ ሁለተኛው ዙር ሊያበቃ አንድ ሰከንድ ሲቀረው «ትዊስተር» በሚባል አያያዝ እጅ አሰጠው። በዚህ አያያዝ የተጋጣሚ እግርና ወገብ በአንድ አቅጣጫ ታስሮ አንገቱ ወደ ተቃራኒው ይጠመዘዛል፤ ጫናው የሚያርፈው በአከርካሪ ላይ ነው። በዩኤፍሲ ታሪክ ማንም ከእሱ በፊት በዚህ መንገድ አሸንፎ አያውቅም ነበር። ጁንግ አያያዙን የተማረው በኢንተርኔት ከሚገኙ የማስተማሪያ ምስሎች መሆኑ ብዙዎችን አስገርሟል።

ኅዳር 30 ቀን 2004 ዓ.ም በካናዳ ቶሮንቶ የሀገሬውን ተወላጅ ማርክ ሆሚኒክን በ7 ሰከንድ ዘረረው። ግንቦት 7 ቀን 2004 ዓ.ም ደግሞ ኋላ ላይ ስሙ የገነነውን ደስቲን ፖሪዬን በአራተኛው ዙር አንቆ እጅ አሰጠው። ሦስት ፍልሚያ፣ ሦስት ድል፤ አንዱም ወደ ዳኞች ነጥብ አልደረሰም።

የወለቀው ትከሻ

ሐምሌ 27 ቀን 2005 ዓ.ም በብራዚል ሪዮ ዲ ጄኔሮ ጁንግ ለዩኤፍሲ ሻምፒዮንነት የተፋለመ የመጀመሪያው ኮሪያዊ ሆነ። ዕድሉን ያገኘው አንቶኒ ፔቲስ በጉዳት በመውጣቱ ነበር። ተጋጣሚው ለዓመታት ያልተሸነፈው ብራዚላዊ ጆዜ አልዶ ነው።

ፍልሚያው ጥንቃቄ የበዛበት ነበር። በአራተኛው ዙር ጁንግ ቀኝ እጁን ሲሰነዝር ትከሻው ከመጋጠሚያው ወለቀ። ቆሞ በሌላኛው እጁ ሊመልሰው ሲታገል አልዶ ተመለከተ። ወዲያው የተጎዳውን ትከሻ በእርግጫ መታው፤ ጣለው፤ ዳኛው እስኪያስቆም ድረስ በቡጢ ደበደበው። ድርጊቱ ጭካኔ ቢመስልም በሕጉ የተፈቀደ ነው፤ ጁንግም «ዕድሌ ከዳኝ» ብሎ ከመድረክ መሸሽን አልመረጠም።

ትከሻው ሲድን ደግሞ ሀገሩ ጠራችው። በደቡብ ኮሪያ ጤነኛ ወንድ ሁሉ ብሔራዊ አገልግሎት የመስጠት ግዴታ አለበት። ጁንግ በ27 ዓመቱ፣ አንድ ተፋላሚ ጉልበቱና ልምዱ በሚገናኙበት ዕድሜ፣ በመንግሥት የማኅበራዊ አገልግሎት ተመድቦ ሁለት ዓመት ገደማ ሠራ። ከአልዶ ፍልሚያ እስከ ቀጣዩ ግጥሚያው ሦስት ዓመት ተኩል አለፈ።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የዚህ ግዴታ ሥር እንግዳ አይደለም። የቃኘው ሻለቃ ጦር በ1943 ዓ.ም በቡሳን ወደብ ደርሶ የተሰለፈበት የኮሪያ ጦርነት ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም በተኩስ አቁም ቆመ እንጂ በሰላም ስምምነት አልተቋጨም። ከ6 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን የዘመቱበት፣ ከ120 በላይ የሚሆኑትም የወደቁበት ያ ጦርነት ዛሬም የደቡብ ኮሪያን ወጣት ከትምህርቱ፣ ከሥራውና ከስፖርቱ ለጊዜው ይነጥለዋል።

አንድ ሰከንድ ሲቀረው

ጁንግ ጥር 27 ቀን 2009 ዓ.ም በአሜሪካ ሂውስተን ተመልሶ ዴኒስ ቤርሙዴዝን በመጀመሪያው ዙር ዘረረው። ብዙም ሳይቆይ የጉልበቱ ጅማት ተጎድቶ እንደገና ከመድረክ ራቀ።

ኅዳር 1 ቀን 2011 ዓ.ም በዴንቨር ከሜክሲኳዊው ያይር ሮድሪጌዝ ጋር የገጠመው በስፖርቱ ታሪክ ከማይረሱት አንዱ ነው። 25 ደቂቃ ሊሞላ የቀሩት ሰከንዶች ብቻ ነበሩ፤ በዳኞች ነጥብ የሚመራው ጁንግ ነበር። የመጨረሻዎቹን ቅጽበቶች በጥንቃቄ ቢያሳልፍ ድሉ የእሱ ነው። እሱ ግን እንደ ልማዱ ወደ ፊት ገባ። ሮድሪጌዝ ጎንበስ ብሎ ከታች ወደ ላይ የወረወረው ክርን አገጩን አገኘውና ጁንግ በፊቱ ተደፋ። ሰዓቱ ሲታይ የቀረው አንድ ሰከንድ ነበር። በ2003 ዓ.ም አንድ ሰከንድ ሲቀር ያሸነፈው ሰው፣ አሁን አንድ ሰከንድ ሲቀር ተሸነፈ።

ከዚያ ወዲያም አላቆመም። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም ሬናቶ ሞይካኖን በ58 ሰከንድ አሸነፈ። ታኅሣሥ 11 ቀን 2012 ዓ.ም ደግሞ በቡሳን፣ በወገኖቹ ፊት፣ የቀድሞውን ሻምፒዮን ፍራንኪ ኤድጋርን በመጀመሪያው ዙር ረታ። ዩኤፍሲ ከዚያ በፊት ወደ ኮሪያ ሲመጣ ጁንግ በብሔራዊ አገልግሎት ላይ ስለነበር መፋለም አልቻለም፤ የቡሳኑ ምሽት ያንን ቁጭት ካሰለት። ከዚህ ድል በኋላ ግን አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ያሳየው ለነበረ የዓይን ችግር ቀዶ ሕክምና አስፈለገው።

«ከእንግዲህ አልችልም»

በጥቅምት 2013 ዓ.ም በብራያን ኦርቴጋ በነጥብ ተሸነፈ፤ ሰኔ 12 ቀን 2013 ዓ.ም ዳን ኢጌን በነጥብ አሸነፈ። በዩኤፍሲ ካደረጋቸው 12 ፍልሚያዎች እስከ ዳኞች ውሳኔ የደረሱት እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ሚያዝያ 1 ቀን 2014 ዓ.ም ለሁለተኛ ጊዜ የሻምፒዮንነት ዕድል አገኘ። አሁንም ዕድሉ የመጣው ሌላ ተፋላሚ በመጎዳቱ ነበር። አውስትራሊያዊው ሻምፒዮን አሌክሳንደር ቮልካኖቭስኪ በሁሉም ረገድ በለጠው፤ በአራተኛው ዙር ዳኛው ፍልሚያውን አስቆመ። ጁንግ ያኔ በሻምፒዮኑና በራሱ መካከል ያለውን ርቀት በግልጽ አየ።

በሲንጋፖር ከሆሎዌይ ጋር ሲገጥም የመጨረሻው ሊሆን እንደሚችል ብዙዎች ገምተዋል። በሁለተኛው ዙር ወድቆ፣ ታንቆ፣ ተነሣ። ሦስተኛው ሲጀመር ሁሉንም ኃይሉን አውጥቶ ወደ ፊት ሮጠ፤ ሆሎዌይ በቀኝ ቡጢ 23ኛው ሰከንድ ላይ ጣለው። ጁንግ ሲያቆም የሰጠው ምክንያት አጭር ነበር፦ የተፋለመው ሻምፒዮን ለመሆን እንጂ ከምርጦቹ ተርታ ለመቆጠር አልነበረም፤ ሻምፒዮን መሆን እንደማይችል ካወቀ ደግሞ መቀጠል የለበትም።

ከታሪኩ ምን ይወሰዳል?

በፍልሚያ ስፖርት ከማሸነፍ ይልቅ በጊዜ ማቆም ይከብዳል። በጭንቅላት ላይ የሚደጋገም ምት በአንጎል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ወዲያው ላይታይ ይችላል፤ ከዓመታት በኋላ የማስታወስ፣ የንግግርና የጠባይ ለውጥ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። የጁንግ ትከሻ፣ ጉልበትና ዓይን ለሙያው የተከፈለ ዋጋ ናቸው። ጁንግ ሲያቆም ለክብሩም ለጤናውም ጊዜው ገና አላለፈም ነበር።

በአዲስ አበባ ምዕራብ ከሚገኘው ቀራንዮ አንሥቶ እስከ ክልል ከተሞች ድረስ ነጭ የቴኳንዶ ልብስ ለብሰው ወደ ልምምድ የሚሄዱ ልጆችን ማየት እንግዳ አይደለም። ቴኳንዶም እንደ ሃፕኪዶ ከኮሪያ የመጣ ነው፤ ሰለሞን ቱፋም በቶኪዮ 2020 ኦሊምፒክ በዚሁ ስፖርት ኢትዮጵያን ወክሎ ተወዳድሯል። ልጃቸውን ወደ ማሠልጠኛ የሚልኩ ወላጆች ሊያዩት የሚገባው ልጁ ስንት ቡጢ እንደሚችል አይደለም። አሠልጣኙ መከላከልን ከመምታት አስቀድሞ ያስተምራል ወይ? የጭንቅላትና የጥርስ መከላከያ አለ ወይ? ጭንቅላቱን የተመታ፣ ያዞረው ወይም ያስመለሰው ልጅ በዚያው ቀን ወደ ልምምድ እንዳይመለስ ተደርጎ ወደ ሐኪም ይላካል ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያስፈልጋቸዋል።

ጁንግ ዛሬ በሀገሩ ወጣቶችን ያሠለጥናል፤ አዳዲስ ተፋላሚዎች የሚታዩበት የራሱን የውድድር መድረክም አቋቁሟል። ቀበቶውን ባያገኝም፣ በልጅነቱ አክስቱ እጁን ይዛ ወደ ማሠልጠኛ እንዳስገባችው ሁሉ፣ እሱም በተራው የሌሎችን ልጆች እጅ ይዞ እያስገባ ነው።