ወጣትን የመምራት ሙያና የትምህርቱ ታሪክ

ሰው የታመመ እንደ ሆነ ሐኪም ይፈለግለታል፤ ድልድይ ሊሠራ ሲታሰብም መሐንዲስ ይጠራል፤ ይህን የሚከራከር የለም። ነገር ግን ወጣቶችን አሰባስቦ የሚመራ፣ ከወላጁ የተጣላውን የሚያስታርቅ፣ ሥራ ላጣው መንገድ የሚያሳይ ሰው በተፈለገ ጊዜ፣ «ጠባዩ መልካም ከሆነ ይበቃል» የሚል አሳብ በብዙዎቻችን ዘንድ ይገኛል። ይህ አሳብ በቂ አለመሆኑን ታሪክ ያስረዳናልና፣ ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚሁ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተነገሩ መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የሥራው መነሻ በእርግጥ መልካም ልብ ነበር። በ1844 በለንደን ከተማ ጆርጅ ዊልያምስ የተባለ የጨርቃ ጨርቅ መደብር ሠራተኛ ከባልንጀሮቹ ጋራ ሆኖ የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበርን መሠረተ። ከገጠር ለሥራ የመጡት ወጣቶች ከሥራ በኋላ የሚውሉበት ደህና ስፍራ አልነበራቸውምና ነው። በ1889 ደግሞ ጄን አዳምስና ኤለን ጌትስ ስታር በቺካጎ ከተማ ድኻ ስደተኞች በሚኖሩበት ሰፈር ሐል ሐውስ የተባለውን ቤት ከፈቱ። በእንግሊዝ አገር ግን በጎ ፈቃድ ብቻውን እንደማይበቃ ታወቀና፣ የአልበማርል እመቤት የመሩት ኮሚቴ በ1960 ባቀረበው ሪፖርት ምክንያት በማግሥቱ ዓመት የወጣት መሪዎች ማሠልጠኛ ኮሌጅ በሌስተር ከተማ ተከፈተ። ከ2010 ጀምሮም በዚያ አገር ወደዚህ ሙያ አዲስ የሚገባ ሰው በዲግሪ እንዲመረቅ ተወሰነ።

በአገራችንም ነገሩ የዘገየ አልነበረም። ከጠላት ወረራ በኋላ ወወክማ በአዲስ አበባ ሥራ ጀምሮ ብዙ ወጣቶችን በስፖርትና በትምህርት አሰባስቦ ነበር። በ1959፣ ማለት ከሌስተሩ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ቀድሞ፣ የሶሻል ዎርክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተቋቋመ። መጀመሪያ የዲፕሎማ ትምህርት ይሰጥ ነበር፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1961 ከተመሠረተ በኋላ የዩኒቨርሲቲው ክፍል ሆኖ፣ በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ወደ ዲግሪ ከፍ አለ። ተማሪው ከመጽሐፉ ጋራ በመስክ ልምምድ ይፈተን ነበር።

ከ1974 አብዮት በኋላ ግን ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ሥርዐቱ ሲለወጥ የሰው ችግር አብሮ ይወገዳል የሚል እምነት በነገሠበት ዘመን፣ አንድን ወጣት ለብቻው ተቀብሎ ማነጋገር ትንሽ ሥራ መስሎ ታየ። ከትምህርቱ ጥቂቱ በሶሺዮሎጂና በማኅበራዊ አስተዳደር ክፍል ውስጥ ቢቆይም፣ ሙያው በስሙ ሳይጠራ ሠላሳ ዓመት ያህል ዐለፈ። ሠላሳ ዓመት ማለት የአንድ ትውልድ ዕድሜ ነው፤ በዚያ ትውልድ ላይ የደረሰውን ጦርነት፣ ረሃብና ስደት ስናስብ፣ የሠለጠነ ሰው በብርቱ ያስፈለገው በዚያው ጊዜ እንደ ነበር እንረዳለን።

በ2004 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን በማስተርስ ደረጃ እንደ ገና ከፈተ፤ በኋላም የዶክትሬትና የመጀመሪያ ዲግሪ ተጨመረበት። በዚህ ሥራ የረዳው በቺካጎ የሚገኘው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በጄን አዳምስ ስም የተሰየመ ነው፤ በ1889 በአንድ ሰፈር የተጫረው እሳት ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ለእኛም ደረሰ ማለት ነው። በዚያው ዓመት መንግሥት ከ15 እስከ 29 ዓመት ያሉትን የሚመለከት የብሔራዊ ወጣቶች ፖሊሲ አወጣ።

ይህ ሁሉ ዓመት ምን ያስተምራል ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ቀረ እንበል። መልካም ልብ ብቻ ያለው ሰው ይመክረዋል፤ ወይም ይቈጣዋል፤ ወይም ከኪሱ ጥቂት ገንዘብ ይሰጠዋል። የተማረው ግን አስቀድሞ ያዳምጣል፤ ከማን ጋራ እንደሚኖር፣ ማታ የት እንደሚያድር፣ የሚረዳው ዘመድ እንዳለው ይጠይቃል፤ የሰማውን ይመዘግባል፤ ምስጢሩን ይጠብቃል፤ የሕግ ነገር ሲሆን ወደ ሕግ፣ የሕመም ነገር ሲሆን ወደ ሐኪም ይመራዋል። ችሮታ ያለ ዕውቀት ለአንድ ቀን ይጠቅማል፤ ዕውቀት ያለው ችሮታ ግን ልጁን በእግሩ ያቆመዋል።

ይህ ነገር የሚነካን በሩቅ አይደለም። ከከተማችን በስተ ደቡብ ያለውን ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማን ተመልከቱ። ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው በዚያ ከቆመው ሽቦ አልባ የመገናኛ ጣቢያ ነው፤ ድምፅ ያለ ሽቦ ከሩቅ ሲመጣ ያየ ሕዝብ በነፋስ የሚሄድ ስልክ አለው። ዛሬ በጎፋ፣ በመካኒሳና በጀሞ ከየክፍለ ሀገሩ ለሥራ የመጡና በዚያው የተወለዱ ወጣቶች ተሰብስበው ይኖራሉ። ለወጣቶች ስብዕና መገንቢያ የሚሆኑ ማዕከላትም በከተማችን ተሠርተዋል። ነገር ግን ኳስና ጠረጴዛ ልጅን አያዳምጡም፤ ቤቱን ማዕከል የሚያደርገው በውስጡ የሚቀመጠው ሰው ነው።

እንግዲህ በመሥሪያ ቤት ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፤ የሥራ መደብ ስታጠኑና የቅጥር ማስታወቂያ ስታወጡ ለዚህ ቦታ የሚገባውን ትምህርት ጠይቁ፤ ለተማረውም የሚገባውን ደመወዝ መድቡ። ሳይማሩ በቅን ልብ ሲያገለግሉ የኖሩትንም አትጣሏቸው፤ በማታ ትምህርት ዲግሪያቸውን እንዲይዙ ፈቃድና ጊዜ ስጧቸው። ልጃችሁም ይህን ሙያ መማር እፈልጋለሁ ያለ እንደ ሆነ፣ «ምን ያበላል?» ብላችሁ ተስፋ አታስቈርጡት። አንድ ጊዜ የተዘጋን ትምህርት ቤት ለመክፈት ሠላሳ ዓመት እንደ ፈጀ አይተናልና፣ የተከፈተውን መጠበቅ የሁላችን ድርሻ ነው።