አሉታዊ ስሜትን በአስተሳሰብ የመቋቋም መለኪያ

አሉታዊ ስሜትን በአስተሳሰብ የመቋቋም መለኪያ ሰው መጥፎ ነገር ሲገጥመው ስሜቱን ለመግዛት ምን እንደሚያስብ የሚለካ መጠይቅ ነው። በኔዘርላንድስ ናዲያ ጋርኔፍስኪ፣ ቪቪያን ክራይ እና ፊሊፕ ስፒንሆቨን አዘጋጅተው በ2001 እ.ኤ.አ. አቀረቡት።

አሠራሩ

መጠይቁ 36 ዓረፍተ ነገሮች አሉት። መላሹ ለእያንዳንዱ ከ1 («በጭራሽ») እስከ 5 («ሁልጊዜ») ይመርጣል። ዓረፍተ ነገሮቹ 9 የአስተሳሰብ ስልቶችን ይለካሉ፤ ለአንድ ስልት 4 ስለሚደርሱ ውጤቱ ከ4 እስከ 20 ይሆናል። በ2006 እ.ኤ.አ. 18 ዓረፍተ ነገሮች ያሉት አጭር ቅጽ ወጥቷል።

ስልቶቹ

* ጠቃሚ የሚባሉት፦ ሁኔታውን መቀበል፣ ሐሳብን ወደ ደስ የሚል ነገር ማዞር፣ ቀጣዩን እርምጃ ማቀድ፣ ከችግሩ በጎ ነገር መፈለግ፣ ችግሩን ከባሰ ነገር ጋር ማነጻጸር።
* ጎጂ የሚባሉት፦ ራስን መውቀስ፣ ሌላውን መውቀስ፣ ነገሩን ደጋግሞ ማብሰልሰል፣ ችግሩን አግዝፎ ማየት።

ብዙ ጥናቶች ማብሰልሰልና ማግዘፍ ከድብርት ምልክቶች ጋር አብረው እንደሚታዩ አሳይተዋል።

በጎንደር ያለው ፋይዳ

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ተመሠረተ። በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ላይ የታተመ ጥናት ከ100 ተማሪዎች 41 ያህሉ የአእምሮ ጭንቀት ምልክቶች እንዳሉባቸው አመልክቷል። ጥናቱ የተጠቀመው የዓለም ጤና ድርጅትን መጠይቅ ነው። ይህ መጠይቅ ስለ እንቅልፍ፣ ራስ ምታት፣ ሐዘንና መሰል ምልክቶች በ20 ጥያቄዎች «አዎ» ወይም «አይ» ያስብላል።

እንዲህ ያለው መለኪያ የጭንቀቱን ክብደት እንጂ ተማሪው እንዴት እንደሚሸከመው አይናገርም። ለምሳሌ ከዳባት ወይም ከደባርቅ ወደ ጎንደር የመጡ ሁለት ተማሪዎች በአንድ ፈተና ቢወድቁ፣ አንዱ «ድሮም አልረባም» ሲል ሌላው «የቱን ምዕራፍ ሳላነብ ቀረሁ?» ሊል ይችላል። የጭንቀት ምልክታቸው እኩል ቢሆንም የሚያስፈልጋቸው ምክር ይለያያል።

የትርጉም ጥያቄ

መጠይቁን ወደ አማርኛ ለመመለስ የቃል ትርጉም ብቻ አይበቃም። «ተመስገን፣ ከዚህ የባሰም አለ» የሚለው አነጋገር ከባሰ ነገር ጋር ማነጻጸርን በቀጥታ ይገልጻል። «የፈጣሪ ፈቃድ ነው» ግን እንደ ተናጋሪው መቀበልም ተስፋ መቁረጥም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ትርጉሙ በሌላ ተርጓሚ ወደ መጀመሪያው ቋንቋ ተመልሶ ይመሳከራል፤ በጥቂት ተማሪዎችም ይሞከራል። ዩኒቨርሲቲዎች ከየክልሉ ተማሪ ስለሚቀበሉ፣ አፋቸውን በአማርኛ ያልፈቱ ተማሪዎች እንዴት እንደሚረዱትም መታየት አለበት።

ገደቡ

መጠይቁ በሽታን አይመረምርም። መልሱ ተማሪው ስለ ራሱ በሚናገረው ላይ ስለሚመሠረት፣ ስሙ ካልተጠበቀለት እውነቱን ሊደብቅ ይችላል።