ደራሽ ውሃ (የይፋት ቆላ)

ደራሽ ውሃ በደጋ የዘነበ ዝናብ በቆላ ያለውን ወንዝ ሳይታሰብ የሚሞላበት ድንገተኛ ጎርፍ ነው። በሰሜን ሸዋ፣ በይፋት ቆላ፣ በተለይ በሸዋ ሮቢት አካባቢ በሚፈሱት በሮቢና በጀውሃ ወንዞች የታወቀ ነው። ክፋቱ ቆላው ላይ ጠብ ሳይል፣ የወንዙ ዳር አሸዋ እንደ ደረቀ፣ ፀሐይዋም እንደ ከረረች መምጣቱ ነው። ወንዝ የሚሻገር፣ ከብት የሚያጠጣ፣ ልብስ የሚያጥብ ወይም የሚዋኝ ሰው ከውሃው በፊት ተራራውን ማየት ያለበት ለዚህ ነው። «ላይ ዘንቧል» የሚለው አባባል እዚህ አገር ወሬ ብቻ አይደለም፤ «ከወንዙ ውጡ» ማለትም ነው።

የምድሩ አቀማመጥ

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በስተምዕራብ ያለው የስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ጣርማበር ላይ ጋቢውን ደርቦ የተቀመጠ ተሳፋሪ በጣሊያን ዘመን የተሠራውን ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናን ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ መስኮት ክፈቱልኝ ይላል። ውሃውም የሚወርደው ይህንኑ ቁልቁለት ነው።

የሸዋ ሮቢት ሜዳ፣ እንደ ቦርከናና እንደ ቆቦ ሜዳ ሁሉ፣ ከስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ሥር የሰመጠ ጠባብ ረባዳ ነው። ከገደሉ ተንደርድሮ የመጣው ወንዝ ሜዳው ላይ ሲደርስ ጉልበቱ ይደክማል፤ ያመጣውን ቋጥኝ፣ ጠጠርና ደለል ያራግፍና ብዙ ቦታ ተከፋፍሎ ይፈሳል፤ በኋላም በምሥራቅ ያሉትን ኮረብታዎች ሰንጥቆ ወደ አዋሽ ያመራል። በበጋ አንድ ሰው በሁለት እርምጃ የሚዘለው ውሃ ሰፊ የድንጋይ ሜዳ መካከል ሲፈስ ያየ እንግዳ ይገረማል። ያ ሁሉ ድንጋይ በጎርፍ የመጣ ነው፤ የወንዙ ትክክለኛ ስፋት ድንጋዩ የደረሰበት እንጂ ውሃው ያለበት አይደለም። ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ማሾ የሚያመርተው ገበሬ የውሃ መሳቢያ ሞተሩን ከድንጋዩ ወሰን ውጭ ቢተክል የሚበጀው ለዚህ ነው።

ነፋስና ደመና

ገደሉ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ስለሰጠ ፀሐይ ከጧት ጀምራ ታሞቀዋለች። የሞቀው አየር ሽቅብ ሲወጣ ነፋሱም ከቆላ ወደ ደጋ ይነፍሳል። በክረምት ይህ እርጥብ አየር ጫፉ ላይ ተቆልሎ ከቀትር በኋላ ደመናው ይጠቁራል። ዝናቡ ሲጀምር ነፋሱ ይገለበጣል፤ ከዝናቡ ጋር የወረደው ቀዝቃዛ አየር ቁልቁል ወደ ቆላው ይመጣል። በሞቃት ቀን ከምዕራብ ድንገት የሚመጣ ቀዝቃዛ፣ የረጠበ አፈር የሚሸት ነፋስ ለደከመ ሰው ደስ ይላል፤ ትርጉሙ ግን ላይ መዝነብ ከጀመረ ቆይቷል ማለት ነው።

ጭጋግና የዝናብ ደመና አንድ አይደሉም። ጫፉን ዝም ብሎ የለበሰ ነጭ ጭጋግ ያን ያህል አያሰጋም። ሥሩ ጠቁሮ ወደ ታች ግራጫ መጋረጃ የጣለ ደመና ግን ያን ጊዜውኑ እያፈሰሰ ነው። ነጎድጓድ አልሰማሁም ብሎ መዘናጋትም አይገባም፤ ድምፁ ከ15 ኪሎ ሜትር ወዲያ እምብዛም አይሰማም፤ ወንዙ ደግሞ ከዚያ በላይ ርቆ ይመነጫል። ሲመሽ ከሆነ የመብረቁ ብልጭታ ከድምፁ የበለጠ ይታመናል።

ጊዜውን በግምት ማስላት ይቻላል። በሴኮንድ 3 ሜትር የሚጓዝ ውሃ 20 ኪሎ ሜትር የሚወርደው ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ላይ ደጋውን የመታው ዝናብ 11 ሰዓት ሳይሞላ፣ ከብት ወደ በረት በሚነዳበትና ገበያተኛ በሚመለስበት ሰዓት ቆላ ይደርሳል። ሌሊት የሚመጣው ከሁሉም ይብሳል፤ የተኛ ሰው ተራራውን አያይምና። ሐምሌ 29 ለ30፣ 1998 ዓ.ም. ሌሊት ከሐረርጌ ደጋ የወረደው የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ድሬዳዋ ላይ ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለው በእንቅልፍ ሰዓት ደርሶባቸው ነው። በዚህ ረገድ የሁለቱ ቆላዎች ታሪክ አይለያይም።

በልግ ራሱን የቻለ አደጋ አለው። ዝናቡ ከሕንድ ውቅያኖስ በሚመጣ እርጥበት የሚጥል ሲሆን፣ አንዱን ዓመት ያጠግባል፣ በሌላው ይቀራል። ወንዙ ለወራት ደርቆ ሰው ከለመደው በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው ውሃ ነው የሚያዘናጋው።

የውሃው ጠባይ

ውሃው ከመድረሱ በፊት ጥቂት ምልክት ይሰጣል። ጠርቶ የነበረው ይደፈርሳል፤ ገለባ፣ ቅጠልና ኩበት ማምጣት ይጀምራል። ድንጋይ ከድንጋይ ሲላተም የሚሰማው ጉርምርምታ ከተሰማ ለማሰብ ጊዜ የለም፤ ዕቃ መሰብሰቡ ቀርቶ ሽቅብ ወደ ዳገቱ መሮጥ ነው። አጠራጣሪ ሲሆን ጠርዙ ላይ ድንጋይ አስቀምጦ ማየት ጥሩ ዘዴ ነው፤ ድንጋዩን ውሃ ከነካው ወንዙ እየጨመረ ነው።

በባሕር ዳርቻ ያደገ ዋናተኛ ማዕበል ሲቆጥር የሚጠብቀው ቀጣዩን ነው፤ ማዕበሉ ተራ ይዞ እየመጣ ይመለሳል። ላንጋኖ ሐይቅ ላይም ከቀትር በኋላ የሚያይለው ነፋስ የሚያስነሳው ማዕበል ዳር ደርሶ ይሰበራል። የሞላ ወንዝ ማዕበል ግን ባለበት ይቆማል፤ ሥሩ ያለው ውሃ ያልፋል እንጂ ማዕበሉ አይሄድም። ነጠላ ሆኖ ሳያቋርጥ የሚፈላ ከሆነ ከሥሩ ቋጥኝ አለ። አሸዋማ ወለል ላይ ደግሞ በመደዳ የተሰለፉ ማዕበሎች ያብጡና ሽቅብ፣ ወደ ወንዙ መምጫ ተሰብረው ይጠፋሉ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደገና ይነሳሉ። እነዚህን የሚፈጥራቸው ቋጥኝ ሳይሆን ፍጥነት ነው፤ ወለሉ ራሱ ከውሃው ጋር እየተንቀሳቀሰ ነው። በመካከል ጋብ ሲሉ «አሁን ተረጋጋ» ብሎ የሚገባ ሰው እግሩ የሚያርፍበት መሬት አያገኝም።

መሻገሪያ ሲመረጥ ጠባቡ አያታልል፤ ወንዙ ሲጠብ ይጠልቃል። ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ ከውጭ በኩል ያለው ዳር ጥልቅና ከሥር የተቦረቦረ ነው፤ ይሻላል የሚባለው በሁለት መታጠፊያዎች መካከል ውሃው ተዘርግቶ ጠጠር ላይ የሚንሿሿበት ነው። አምና የታወቀ መሻገሪያ ዘንድሮ ላይኖር ይችላል፤ ጎርፍ ወለሉን ይቆፍረዋል፣ ሌላ ቦታ ይደለድለዋል። አሸዋ የተዛቀበት ጉድጓድ ከላይ ሲያዩት ከቀሪው ውሃ አይለይም፤ ለልጆች ከጎርፉ የማይተናነስ ወጥመድ ነው።

የሚፈስ ውሃ ጉልበት ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል። 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ፈጣን ውሃ ጎልማሳ ሰው ሊጥል ይችላል፤ 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል፤ 60 ሴንቲ ሜትር አብዛኛውን መኪና ይወስዳል። ሚዛናቸው ቀላል የሆኑት ባጃጆች ከዚህም ባነሰ ይሄዳሉ። ሙላቱ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሰዓታት ስለሚጎድል ዳር ቁጭ ብሎ መጠበቅን የሚያህል ዘዴ የለም፤ ጭነቱ የሚበላሽበት ሾፌር ግን ይህን መስማት አይወድም።

ዋና

ለመዋኘት የሚመረጠው ዝም ያለ ኩሬ ነው፤ እሱም የራሱ ጣጣ አለው። ቢልሃርዝያን የምታስተላልፈው ቀንድ አውጣ የምትወደው እንዲህ ያለውን የረጋ፣ ሣር የበቀለበት ውሃና የመስኖ ቦይ ነው። ከይፋት በስተሰሜን ያሉት ከሚሴና ሐርቡ በዚህ በሽታ ከሚታወቁት ቦታዎች ናቸው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸው እንዶድን በዓለም ዘንድ ያሳወቀ ግኝት ሆኗል። ተውሳኩ በጤነኛ ቆዳ በኩል ይገባል፤ ውሃውን አለመጠጣት አያድንም፤ ከዋና በኋላ መታጠብም ዋስትና አይሆንም። የሚታከመው ፕራዚኳንቴል በተባለ እንክብል ነው።