የስልክ መስመር ጠባቂው ማን ነው? ከመዳብ ወደ ፋይበር የሚደረገው ለውጥ በታሪክ ሲመረመር

በአዲስ አበባ የቤት ስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ከመዳብ ሽቦ ወደ ፋይበር መስመር በመዛወር ላይ ይገኛል። ስለዚህ ለውጥ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ፍጥነቱ ነው። እኛ ግን በዚህች አጭር ጽሑፍ ልንመረምር የፈለግነው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ስልክ ወደ አገራችን ከገባ ጀምሮ መስመሩን የሚጠብቀው፥ ኃይል የሚሰጠውና ሲቋረጥም የሚጠየቅበት ማን እንደ ነበረ ነው። ታሪኩን ስንመለከት የመስመሩ ዓይነት በተለወጠ ቁጥር ጠባቂውም ሲለወጥ እናያለን። በፋይበር ጊዜ ደግሞ የጥበቃው አንዱ ክፍል፥ ማለት ለስልኩ የኤሌክትሪክ ኃይል የመስጠቱ ግዴታ፥ ከመሥሪያ ቤቱ ወደ ባለቤቱ ይሻገራል። ይህም ብዙ ሰው ልብ ሳይለው የሚፈጸም ስለ ሆነ ምክንያቱን ከነታሪኩ መግለጽ ይገባል ብለን እናምናለን።

አስቀድመን ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። «ስልክ» ከዐረብኛ የመጣ ቃል ነው፤ በዐረብኛ «ሲልክ» ሽቦ ወይም ክር ማለት ነው። ፈረንጆች «ቴሌፎን» ሲሉ የሩቅ ድምፅ ማለታቸው ሲሆን፥ በእኛ አገር መሣሪያው የተሰየመው በሽቦው ነው። ሽቦውን የሚሸከመውንም ምሰሶ እስከ ዛሬ የስልክ እንጨት እንለዋለን። ከዚህ አጠራር የምንረዳው፥ ስልክ ለሕዝቡ በመጀመሪያ በሜዳ ላይ ተዘርግቶ የሚታይ፥ የሚጠበቅና የሚቆረጥ ነገር እንደ ነበረ ነው።

አሌክሳንደር ግራሃም ቤል የስልክን ሥራ በስሙ ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1876 ነው። ከዚያ ወዲያ ብዙ ሳይቆይ ስልክ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ገባ። የመጀመሪያውን መሣሪያ ከኢጣሊያ ይዘው የመጡት በኋላ ራስ የተባሉት ደጃዝማች መኰንን ናቸው ይባላል። ካህናቱም ተናጋሪው ሳይታይ የሚሰማውን ድምፅ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደ ተቃወሙ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ግን እንዳልተቀበሏቸው በሰፊው ይተረካል።

ሐረርንና አዲስ አበባን ያገናኘው መስመር የተሠራበትን ዘመን በሚመለከት ሁለት አሳብ አለ። የቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤቱ ስለ ራሱ ታሪክ ያወጣው ጽሑፍ ዘመኑን እ.ኤ.አ. 1894፥ ርዝመቱንም 477 ኪሎ ሜትር ያደርገዋል። ሌሎች የታሪክ ጸሐፊዎች ግን ሥራው የተፈጸመው ከዐድዋ ድል በኋላ ነው ይላሉ። እንደሚመስለን ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. 1894 ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ ፈቃድ የተሰጠበት ዓመት ስለ ሆነ፥ አንደኛው ወገን ሥራው የታሰበበትን፥ ሁለተኛው ወገን የተፈጸመበትን ዘመን ቆጥሮ ይሆናል። ከዚህ ቀጥሎ እ.ኤ.አ. ከ1902 እስከ 1904 ድረስ የኢጣሊያ መሐንዲሶች አዲስ አበባን ከአስመራ ጋር የሚያገናኘውን መስመር ዘረጉ።

በዚያ ዘመን የነበረው ችግር በመንገደኞች ጽሑፍ ተደጋግሞ ይገኛል፤ እንጨቱን ምስጥ ይበላዋል፥ ሽቦውንም የሚቆርጠው አይታጣም። ስልኩ በአብዛኛው ቤተ መንግሥቱን ከአገረ ገዢዎች ጋር የሚያነጋግር የመንግሥት መሣሪያ ስለ ነበረ፥ ሽቦውን መቁረጥ የንጉሡን ቃል እንደ መቁረጥ ይቆጠር ነበር። እንግዲህ የመጀመሪያው ጠባቂ ቤተ መንግሥቱ ነው። ተራው ሕዝብ ሽቦው በደጁ ሲያልፍ ያያል እንጂ በስልኩ አይነጋገርም ነበር።

ሁለተኛው ዘመን ስልክ ወደ ነዋሪው ቤት የገባበት ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1932 የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ማኅበር አባል ሆነች። ከኢጣሊያ ወረራ በኋላ የተጎዳውን መስመር ለማደስ በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተገኘ፤ በ1945 ዓ.ም. ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በአዋጅ ተቋቋመ። ይኸው መሥሪያ ቤት በ1968 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒኬሽን አገልግሎት፥ በ1973 ዓ.ም. ባለሥልጣን፥ በ1989 ዓ.ም. ኮርፖሬሽን፥ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም ተባለ። ስሙ ይህን ያህል ጊዜ ሲለዋወጥ ወደ ቤት የሚገባው መስመር ግን ያው ጥንድ የመዳብ ሽቦ ነበረ።

የጥያቄያችን መልስ የሚገኘው በዚህ ጥንድ ሽቦ አሠራር ስለ ሆነ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። በስልክ ማዞሪያው ጣቢያ 48 ቮልት የሚሰጡ ትልልቅ ባትሪዎች አሉ። ባትሪዎቹን የከተማው መብራት ይሞላቸዋል፤ መብራት ሲጠፋ የጣቢያው ሞተር ይተካል። ኃይሉ ከጣቢያው ተነሥቶ ድምፅ በሚሄድበት በዚያው ሽቦ ላይ እስከ ቤት ድረስ ይደርሳል። ስለዚህ የድሮው የቤት ስልክ በግድግዳ ላይ ካለው የመብራት ሶኬት ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። ሠፈሩ በሙሉ ቢጨልም፥ ሽቦው እስካልተበጠሰና ጣቢያው ኃይል እስካለው ድረስ፥ እጀታው ሲነሣ ድምፅ ይሰማል። ማለት መሥሪያ ቤቱ የሚሰጠው ንግግሩን ብቻ አልነበረም፤ ኃይሉንም ጭምር ነበር።

ይህ አሠራር ለኑሮ ያስገኘውን ጥቅም ለመረዳት እንደ አስኮ ያለውን ሠፈር ማሰብ ይጠቅማል። አስኮ በከተማው ምዕራብ፥ ከአዲሱ ሚካኤል ወደ ቡራዩና ወደ ሆለታ በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛል። ከከተማው መካከል በራቀ ሠፈር ስልክ ማስገባት ለረጅም ጊዜ ተመዝግቦ ተራ መጠበቅን ይጠይቅ ነበር። ስልኩ ከገባ በኋላም የአንድ ቤት ንብረት ብቻ ሆኖ አይቀርም። ጎረቤት የታመመ እንደ ሆነ፥ ለቅሶ እንደ ደረሰ፥ ከውጭ አገር ልጅ እንደ ደወለ ሁሉም በዚያ ቤት ይጠራል። ባለቤቶቹ መሣሪያውን ዳንቴል ያለብሱታል፤ ሒሳቡ እንዳይበዛም የቁጥሩን መዘውር በቁልፍ ይቆልፉታል። የመንገድ ዳር ሱቅም ስልኩን በሒሳብ ያስደውላል። በ1991 ዓ.ም. ተንቀሳቃሽ ስልክ እስኪጀመር ድረስ፥ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፥ የሠፈሩ የአደጋ ጊዜ መጠሪያ ይኸው ሽቦ ነበረ።

ይሁን እንጂ መዳብን አለመጠን ማመስገን አይገባም። በክረምት ውኃ በመጋጠሚያው ገብቶ መስመሩን ያንጫጫዋል ወይም ይዘጋዋል። መዳብ በገበያ ዋጋ ስላለው ሌባ ይቆርጠዋል፤ በዚህም በኩል የምኒልክ ዘመን ችግር እስከ እኛ ዘመን ዘልቋል። ከሁሉም በላይ፥ በ1989 ዓ.ም. ኢንተርኔት ወደ አገራችን ከገባ በኋላ በስልክ ሽቦ ከድምፅ የበለጠ ብዙ ነገር ማስተላለፍ ባስፈለገ ጊዜ ድክመቱ ተገለጠ። በመዳብ ላይ የሚላክ ፈጣን ምልክት ከጣቢያው በራቀ መጠን ይደክማል፤ በጣቢያው አጠገብ በሴኮንድ እስከ 24 ሜጋቢት የሚያደርሰው አሠራር ከአራትና ከአምስት ኪሎ ሜትር በኋላ እጅግ ይወርዳል። ስለዚህ ከጣቢያው የራቀ ቤት ሁልጊዜ ተጎጂ ነበረ።

ፋይበር ይህን ችግር ያስወግዳል። ፋይበር ማለት ከጠራ ብርጭቆ የተሳበ፥ ከሰው ጠጉር ብዙም የማይወፍር ክር ነው። የጠርሙስና የብርጭቆ ፋብሪካ ባለበት በአስኮ ብርጭቆ ከአሸዋ እንደሚገኝ ማስረዳት ብዙም አያስፈልግም፤ ልዩነቱ የዚህኛው ብርጭቆ ንጽሕና ነው። ቻርልስ ካኦና ጆርጅ ሆክሃም እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጡት ጥናት፥ ብርጭቆ በደንብ ከጠራ ብርሃን በውስጡ ብዙ ኪሎ ሜትር ሊሄድ እንደሚችል አመለከቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ኮርኒንግ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚፈለገውን ክር ሠራ። ካኦም በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2006 ከቻይናው ዜድ ቲ ኢ ኩባንያ ጋር በተደረገው የ1.5 ቢሊዮን ዶላር ውል ከተማን ከከተማ የሚያገናኘው ፋይበር ተስፋፋ። አሁን የተደረሰው ከመንገዱ ዳር ተነሥቶ እስከ ቤት ውስጥ በሚገባው የመጨረሻ ክፍል ላይ ነው።

ወደ ቤት በሚገባው ፋይበር አንድ ክር በመንገድ ላይ ለ32 ወይም ለ64 ቤቶች ይከፈላል፤ ከጣቢያውም እስከ 20 ኪሎ ሜትር ድረስ ያገለግላል። ክሩ ውኃ አይጎዳውም፥ መብረቅም በብርጭቆው አይተላለፍም፥ ሌባም ሸጦ አይጠቀምበትም። በዚህ ሁሉ ፋይበር ከመዳብ የተሻለ መሆኑ አያጠራጥርም። ነገር ግን ብርጭቆ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ብርሃኑን ወደ ድምፅና ወደ ኢንተርኔት የሚመልሰው ትንሽ ሳጥን በቤት ውስጥ ይቀመጣል፤ የስልኩ ገመድም ከግድግዳው ተነቅሎ በዚህ ሳጥን ላይ ይሰካል። ሳጥኑ ኃይሉን የሚያገኘው ከቤቱ የመብራት ሶኬት ነው። እንግዲህ መብራት በጠፋ ጊዜ ክሩ ደኅና ሆኖ ሳለ ስልኩ ዝም ይላል።

የጠባቂው መለወጥ ያልነው ይህ ነው። በምኒልክ ዘመን ቤተ መንግሥቱ፥ በቦርዱና በተተኪዎቹ ዘመን መሥሪያ ቤቱ ይጠብቀው የነበረው መስመር፥ ዛሬ በመጨረሻዋ ጫፍ የባለቤቱን ጥበቃ ይጠይቃል። ስለዚህም ነገር የሚደረግ ነጋሪት የለም፤ ሠራተኛው ሳጥኑን ሰክቶ፥ መብራቱ አረንጓዴ መሆኑን አሳይቶ ይሄዳል።

«ዛሬ ሁሉም ተንቀሳቃሽ ስልክ ይዟል፤ ስለ ቤት ስልክ መጨነቅ ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ይኖራል። አሳቡ ቀላል አይደለም፤ በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ሥራ ከጀመረ ወዲህ የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት ሰጪው ሁለት ሆኗል። ነገር ግን የተንቀሳቃሽ ስልክ ማማም ኃይል ይፈልጋል፤ መብራት ለረጅም ሰዓት በጠፋ ጊዜ የማማው ባትሪና በኪስ ያለው ስልክ ባትሪ በአንድነት ያልቃሉ። በተለይም የሚጎዱት ዓይናቸው የደከመ፥ ቁጥሩን በልማድ የሚደውሉ አረጋውያን ናቸው።

ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር የድሮው የስልክ መረብ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2025 እንዲዘጋ ተወስኖ ሳለ ቀኑ ወደ ጥር 2027 ተላልፏል። ከምክንያቶቹ አንዱ በስልክ መስመር በሚሠራ የአደጋ ጥሪ መሣሪያ የሚኖሩ ሽማግሌዎችና በሽተኞች ጉዳይ ነው። የዚያ አገር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም በቤት ስልካቸው ብቻ ለሚተማመኑ ደንበኞች መብራት ሲጠፋ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት የአደጋ ጥሪ የሚያስችል ዘዴ እንዲሰጣቸው መመሪያ አውጥቷል። መብራት ከእኛ ይልቅ በማይጠፋበት አገር ይህ ከታሰበ፥ በእኛ ዘንድ የበለጠ ሊታሰብ ይገባል።

መድኃኒቱም ውድ አይደለም። ሳጥኑ 10 ዋት ያህል የሚወስድ ቢሆን፥ 12 ቮልትና 7 አምፔር-ሰዓት ያላት ትንሽ ባትሪ 84 ዋት-ሰዓት ስለምትይዝ በሒሳብ ስምንት ሰዓት፥ በተግባርም ጥቂት አንሶ፥ ታሠራዋለች። ስለዚህ ባለቤቱ መስመሩ ከመለወጡ በፊት ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባዋል፤ አንደኛ፥ የድሮው ቁጥርና የድሮው መሣሪያ በሳጥኑ ላይ ይሠራሉ ወይ? ሁለተኛ፥ ሳጥኑ ስንት ቮልትና ስንት ዋት ይፈልጋል? ሦስተኛ፥ ባትሪውን የሚያቀርበው ማን ነው? አገልግሎት ሰጪዎችም መልሱን በውላቸው ላይ በግልጽ ቢጽፉ መልካም ነው፤ በ2011 ዓ.ም. በወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ የተቋቋመውም ባለሥልጣን ነገሩን ቢመለከተው ተገቢ ይመስለናል።

በአጠቃላይ የመዳቡ መስመር መቅረቱ አያሳዝነንም፤ ከጣቢያው ርቀው ለኖሩት እንደ አስኮ ላሉ ሠፈሮች ፋይበር የዘገየ ፍርድ ነው። የምናሳስበው አንድ ነገር ነው። የስልክ ታሪካችን እንደሚያሳየው፥ መስመር የሚኖረው ጠባቂው ማን እንደ ሆነ በታወቀ ጊዜ ነው። ቤተ መንግሥቱ ጠባቂነቱን ያውቅ ነበር፤ መሥሪያ ቤቱም ያውቅ ነበር። አሁን ጠባቂ የሆነው ባለቤት ግን ገና አልተነገረውም፤ ሳጥኑ ከመሰካቱ በፊት ሊነገረው ይገባል።