በኅዳግ ላይ የተጻፈ የመጨረሻ ዜና
የታተመ ቅጽ፣ በእጅ የተሞላ፤ 1847 እና 1848 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ.)

ይህ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ቅጽ ነው። ያገኘው ሰው ወደ ለንደን እንዲልከው በስድስት ቋንቋ ይጠይቃል። ሜይ 28 ቀን 1847 ሲሞላ፣ በሰር ጆን ፍራንክሊን የሚመሩት «ኤረበስ» እና «ቴረር» የተባሉት መርከቦች በሰሜን ካናዳ በረዶ መካከል ቢከርሙም «ሁሉም ደኅና ነው» ይላል። ቢቺ ደሴት ላይ የከረሙበትን ዓመት ግን ጸሐፊው አሳስቶታል፤ እዚያ ባሉት የባልደረቦቹ መቃብሮች ላይ የተጻፉት ቀኖች ያርሙታል።

አሁን ኅዳጉን ይመልከቱ። በኤፕሪል 25 ቀን 1848 የተጨመረው ጽሑፍ ቦታ አጥቶ ወረቀቱን ዞሮታል። 24 ሰዎች ሞተዋል፤ አንዱ ፍራንክሊን ራሳቸው ናቸው። የተረፉት 105 ሰዎች መርከቦቹን ትተው ወጥተዋል። ወዴት እንደሚሄዱ የተጻፈው ከፊርማ በኋላ ነው፤ ዋናው ነገር ሊረሳ ምንም አልቀረውም ነበር! በማግስቱ ወደ ባክ ወንዝ ሊነሱ ነው። አንድም ሰው አልተመለሰም።

ፈላጊዎች ወረቀቱን ያገኙት በ1859 በኪንግ ዊልያም ደሴት፣ ከድንጋይ ክምር አጠገብ ነው። መርከብ ሲሰምጥ እንደታየ ይናገሩ የነበሩት የአካባቢው ነባር ሕዝብ፣ ኢኑይቶች፣ ግን ለብዙ ዘመን በቂ ሰሚ አላገኙም። «ኤረበስ» በ2014 የተገኘው እነሱ በጠቆሙት አካባቢ ነው፤ «ቴረር»ም በ2016 የተገኘው በአንድ ኢኑይት ጥቆማ ነው።